ፀሐይ የሚፈትነው ሸራ፦ ከዴንቨር አየር ማረፊያ ጣሪያ እስከ እድር ድንኳን

ጨርቅ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ነጠላና ጋቢ፣ ሰፋ ሲልም ወደ መጋረጃና አልጋ ልብስ ይሄዳል፤ ነገር ግን ለመልበስ ሳይሆን ለመሸከም፣ ለመጋረድ፣ ለማጥለልና ለመሸፈን ተብሎ የሚሸመን ራሱን የቻለ የጨርቅ ወገን አለ፤ እርሱም የኢንዱስትሪ ጨርቅ ይባላል። የጭነት መኪና ሸራ፣ የሠርግና የለቅሶ ድንኳን፣ የሱቅ ደጅ ጥላ፣ የመኪና መቀመጫ ቀበቶ፣ ከመንገድ አፈር ሥር የሚነጠፈው ማጠናከሪያ ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው። ከእነዚህ መካከል ለጀልባና ለመርከብ የሚሆነው የባሕር ጨርቅ በሚል ስም ተለይቶ ይጠራል፤ ውሃን፣ ሻጋታንና ፀሐይን አንድ ላይ እንዲችል ሆኖ የሚሠራ በመሆኑም የሙያው ጥንካሬና ድካም ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ ይታያል።

በኮሎራዶ ግዛት፣ ዙሪያዋን በዴንቨር የተከበበችውና እ.ኤ.አ. በ1952 ራሷን የቻለች ከተማ የሆነችው ትንሿ ግሌንዴል፣ ይህን ሙያ ለመረዳት ምቹ ቦታ ናት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመካከሏ የሚያልፈው የቼሪ ክሪክ ወንዝ ከአውሮራ ጥግ፣ በ1950 ግድቡ ከተጠናቀቀው የቼሪ ክሪክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተለቅቆ የሚወርድ ነው፤ ሐይቁም በበጋ ጀልባ የማይጠፋበት ነው። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ ደግሞ በዴንቨርና በአውሮራ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሥራም በመንገደኝነትም የሚመላለሱበት የዴንቨር ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ይገኛል፤ የዋናው ተርሚናል ጣሪያም ከጨርቅ የተሠራ ነው። ባሕር የሌላት ኮሎራዶ ስለ ባሕር ጨርቅ ማስተማር መቻሏ በመጀመሪያ ሲሰማ የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን የጨርቅ ዋነኛ ጠላት ውሃ ሳይሆን ፀሐይ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠችው ዴንቨር ለዚህ ጥናት ከብዙ ወደቦች የተሻለች መሆኗን ይቀበላል። ይኸው ምክንያት ነገሩን ለኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪም የቅርብ ጉዳይ ያደርገዋል።

ኢትዮጵያውያን ለድንኳን እንግዳ አይደሉም። በግዕዝ ደብተራ ማለት ራሱ ድንኳን ማለት ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚጠሩበት ስም ከዚያው የመጣ ነው፤ ከተማ የሚለው ቃልም በጥንቱ ትርጉሙ የንጉሥ ሠራዊት የሚያርፍበትን ሰፈር ያመለክታል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ የዐፄ ልብነ ድንግልን ተንቀሳቃሽ የድንኳን ከተማ በሰፊው ገልጾታል፤ የእያንዳንዱ ሹም ድንኳን ስፍራ በሥርዓት የተወሰነ ስለነበር ሰፈሩ በተዛወረ ቁጥር ያው ከተማ በአዲስ ቦታ ይተከል ነበር። ዛሬም በጥምቀት ዋዜማ ታቦቱ የሚያድረው በድንኳን ውስጥ ነው። ስለዚህ መንግሥትንም ሥርዓተ አምልኮንም በጨርቅ ጥላ ሥር ያኖረ ሕዝብ ስለ ጨርቅ ጣሪያ ሲነገረው ከባዕድ ነገር ጋር እየተዋወቀ አይደለም፤ አዲስ የሚሆንበት ጨርቁ የተሠራበት ነገርና የሚወጠርበት ስሌት ነው።

የዴንቨር አየር ማረፊያ የተከፈተው በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1995 ነው። የተርሚናሉ ቀዳሚ ንድፍ ከበጀቱና ከጊዜ ሰሌዳው ጋር አልጣጣም ሲል ሥራውን የተረከበው የዴንቨሩ አርክቴክት ከርቲስ ፌንትረስ ቢሮ ከባዱን ጣሪያ ትቶ በጨርቅ ተካው፤ የጨርቁን ቅርጽ ደግሞ በጀርመን የተወለደው መሐንዲስ ሆርስት በርገር ከሴቬሩድ ኩባንያ ጋር ሆኖ አሰላው። ቀላል ጣሪያ ሲሆን ምሰሶውም መሠረቱም ይቀላል፣ የግንባታው ጊዜም ያጥራል። ከውጭ ለሚያየው ሰው 34 ምሰሶዎች በሁለት ረድፍ ቆመው ነጩን ጨርቅ ወደ ሰማይ ሲያነሡት፣ ከምዕራብ በኩል የሚታዩትን በበረዶ የተሸፈኑ የሮኪ ተራሮች ጫፎች ይመስላል።

የዚህ ጣሪያ ምስጢር ከውፍረቱ ይልቅ በቅርጹ ላይ ነው። በተራ ድንኳን ጨርቁ በምሰሶ ይነሣና በገመድና በካስማ ይወጠራል፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ሰፊው ገጽ ይርገበገባል፣ የሚርገበገብ ጨርቅም ድካሙ ውስጥ ውስጡን እየተጠራቀመ ቆይቶ ይቀደዳል። የዴንቨሩ ጨርቅ እንዳይርገበገብ የተደረገው የፈረስ ኮርቻ መልክ እንዲይዝ በመቆረጡ ነው፤ ኮርቻ ከፊት ወደ ኋላ ሲታይ መሐሉ የጎደጎደ፣ ከጎን ወደ ጎን ሲታይ ደግሞ መሐሉ የጎበጠ ነው፤ ሁለቱ አቅጣጫዎችም እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ ጨርቁን ምንጊዜም ውጥር አድርገው ያቆዩታል። በረዶ ከላይ ሲጫን ጭነቱን በጎደጎደው አቅጣጫ የተዘረጋው ክር ይሸከማል፤ ነፋስ ከሥር ሲያነሣ ደግሞ በጎበጠው አቅጣጫ የተዘረጋው ክር ወደ ታች ይዞ ያስቀረዋል። ሸማኔ በሚያውቀው ቋንቋ ሲነገር፣ ድርና ማግ እንደ አንድ ጎበዝና እንደ አንድ ረዳት ሳይሆን እኩል ኃላፊነት እንዳላቸው ሁለት ተሸካሚዎች ሥራውን ተከፋፍለውታል ማለት ነው። በዚህ ላይ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በሸንተረሩ የሚያልፉ የብረት ገመዶች የበረዶውን ክብደት፣ በምሰሶዎቹ መካከል በሸለቆው የሚወርዱት ደግሞ የነፋሱን ኃይል ወደ መሬት ያደርሳሉ።

ጨርቁ ራሱ እጅግ ከቀጠነ የመስታወት ዘሃ ተሸምኖ ቴፍሎን በሚል የንግድ ስም በሚታወቀው ፒቲኤፍኢ የተለበጠ ነው። ፒቲኤፍኢ በ1938 የዱፖንት ኬሚስት ሮይ ፕላንኬት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመረምር ሳያስበው ያገኘው ቁስ ሲሆን፣ ምንም ነገር የማይጣበቅበትና ፀሐይ የማይጎዳው ነው። መስታወትና ቴፍሎን የተጣመሩበት ምክንያት ከሙቀት ጋር ይያያዛል፤ ቴፍሎኑን በጨርቁ ላይ ለማጋገር ከ327 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል፣ ፖሊስተር ግን በ260 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና ይህን እቶን አይችልም። እንዲህ ያለው ጨርቅ አይቃጠልም፣ አይሻግትም፣ አቧራውንም ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ቡናማ ዓይነት መልክ ያለው ሲሆን ንጣቱን የሚሰጠው ከተሰቀለ በኋላ የሚያገኘው ፀሐይ ነው። ደካማ ጎኑ አንድ ነው፤ የመስታወት ዘሃ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ስለዚህ ዛሬ ተተክሎ ነገ ለሚነቀል ድንኳን ከቶ አይሆንም።

በተርሚናሉ ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ሁለት ድርብ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው አየር ሙቀትንና የአውሮፕላን ድምፅን ያለዝባል፤ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥም 10 በመቶ ያህሉ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ አዳራሹ በቀን በተፈጥሮ ብርሃን ይደምቃል። ጉድለት አልገጠመውም ማለት ግን አይደለም። በማርች 2003 በዴንቨር 81 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ በጣለ ጊዜ የርጥቡ በረዶ ክብደት የጣሪያውን አንድ ክፍል ቀድዶ ነበር። የተቀደደው ተጠገነ፣ ቀሪው ጣሪያ ቆሞ ኖረ፤ በ2025ም ሠላሳ ዓመት ሞላው። የዚህ ዓይነት ጨርቅ ዕድሜ በሙያው ዘንድ ከ25 እስከ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ተብሎ ስለሚገመት፣ ጨርቅ ጊዜያዊ ነገር ነው የሚለውን አስተሳሰብ የሚያፈርስ ማስረጃ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ከእርሱ በፊት በርገር የተሳተፈበት፣ በ1981 በጅዳ የተጠናቀቀው የሐጅ ተርሚናል በ210 የድንኳን ክፍሎች ተመሳሳይ ጨርቅ ለብሶ የቆመ ነው፤ በየዓመቱ ወደ መካ የሚጓዙ ኢትዮጵያውያን ሑጃጆችም በጥላው ሥር አልፈዋል።

ከአየር ማረፊያው ወደ ሐይቁ ዳር ሲመጣ ጨርቁም ጠባዩም ይለወጣል። የጀልባ ሽፋንና የሱቅ ደጅ ጥላ ለመስፋት የሚመረጠው ብዙውን ጊዜ አክሪሊክ ነው፤ ከእነዚህም መካከል በሰሜን ካሮላይናው ግሌን ሬቨን ኩባንያ ከ1961 ጀምሮ የሚመረተው ሰንብሬላ እጅግ የታወቀው ነው። የዚህ ጨርቅ ብልጫ በአቀላለሙ ላይ ነው፤ ቀለሙ ከተሸመነ በኋላ የሚነከር ሳይሆን ክሩ ገና ፈሳሽ ሳለ አብሮት ተዋሕዶ የሚወጣ ነው። ነገሩን የመንዝ በርኖስ ያስረዳል፤ ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ በርኖስ ጥቁረቱ ከጠጉሩ ጋር የበቀለ ስለሆነ፣ ተነክሮ የጠቆረ ጨርቅ ቀለሙን በሚያጣበት ፀሐይ ሥር መልኩን ይዞ ይኖራል። አክሪሊክም እንዲሁ ነው።

የፀሐይ ጉዳት የሚመጣው አልትራቫዮሌት ከተባለው፣ በዓይን ከማይታየው የብርሃን ክፍል ነው፤ ይህ ጨረር የክሩን ሞለኪውሎች ሰንሰለት እየበጣጠሰ ጨርቁን ያሳሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል፤ የሚያጣራው አየር እየሳሳ ይሄዳልና። በዚህ ስሌት ዴንቨር ላይ የተዘረጋ ሸራ በባሕር ዳርቻ ከተዘረጋው የበለጠ ጨረር ይቀበላል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባና 2,800 ሜትር ገደማ ያለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ ከዴንቨርም ይበልጣሉ፣ ለምድር ወገብ መቅረባቸውም ጨረሩን ያበረታዋል። ሸራ ሻጮች ስለ ውሃ አለማስገባት አብዝተው ይናገራሉ፤ በደጋ አገር ግን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው ስለ ፀሐይ ነው።

በዚህ ረገድ ከጨርቁ ቀድሞ የሚሞተው ስፌቱ መሆኑን የሙያው ሰዎች በደንብ ያውቃሉ። ጨርቁ አሥር ዓመት ሊቆይ የሚችል ሆኖ ሳለ የተሰፋበት የፖሊስተር ክር በጠንካራ ፀሐይ በጥቂት ዓመታት ይበጣጠስና ባለቤቱ ሸራው አረጀ ብሎ ይጥለዋል። ከዚሁ ከፒቲኤፍኢ የሚፈተለው ውድ ክር ከጨርቁ እኩል ስለሚኖር፣ ለክር የሚጨመረው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ሸራውን ሁለተኛ ከማሰፋት ይረክሳል። በፒቲኤፍኢ ፋንታ ፒቪሲ የተለበጠ ሸራ ደግሞ ያለ መርፌ ይገጣጠማል፤ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው የኤሌክትሪክ ሞገድ የሁለቱን ጫፍ ልባጥ አቅልጦ ያዋሕደዋል፣ ቀዳዳም ስለማይኖረው አያፈስም። አክሪሊክ ግን በዚህ መንገድ አይያያዝም፤ ስለዚህ የጀልባ ሸራ ሥራ እስከ ዛሬ የልብስ ስፌት ባለሙያን እጅ ይፈልጋል። በመለኪያ በኩል ያለው ለውጥ ፈጣን ነው፤ ቀድሞ በጀልባው ላይ ላስቲክ ዘርግቶ በእርሳስ መልኩን መገልበጥ ይዘወተር የነበረው አሁን በዲጂታል መለኪያ ተወስዶ በኮምፒውተር ይነደፋል፣ በኮምፒውተር በሚመራ መቁረጫም ይቆረጣል። በዴንቨር ዙሪያ ሌላም ፈተና አለ፤ በሜይ 8 ቀን 2017 የወረደው የበረዶ ጠጠር 2.3 ቢሊዮን ዶላር የተገመተ የመድን ኪሣራ ያስከተለ ሲሆን፣ እንዲህ ባለው አገር መኪናና ጀልባ የሚከልል ጠንካራ ሸራ እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም።

በዘርፉ ዛሬ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን ጨርቁ በምን ይለበጥ የሚለው ነው። ጨርቅ ውሃንና ዘይትን እንዲገፋ ለአሥርት ዓመታት ሲያገለግሉ የኖሩት ኬሚካሎች በጥቅሉ ፒፋስ ይባላሉ፤ ካርቦንና ፍሎሪን የተጣመሩባቸው ሲሆኑ፣ ይህ ጥምረት እጅግ ብርቱ በመሆኑ በአፈርም በውሃም ውስጥ ሳይፈርሱ ስለሚቆዩ ዘላለማዊ ኬሚካሎች የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ኮሎራዶ ጉዳቱን በቅርብ አይታዋለች፤ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ በስተደቡብ ያሉት የሴኩሪቲ፣ የዋይድፊልድና የፋውንቴን ነዋሪዎች የመጠጥ ውሃ በአየር ኃይል ጣቢያ ለእሳት ማጥፊያ በዋለ አረፋ በእነዚሁ ኬሚካሎች ተበክሎ ተገኝቷል። ግዛቲቱ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሆን ተብሎ ፒፋስ የተጨመረባቸውን ምንጣፎችና የጨርቅ ማከሚያ ፈሳሾች ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ እንዳይሸጡ ከልክላለች፤ እገዳው በ2025 ለቤት ውስጥ የሚውሉ የጨርቅ ዕቃዎችን እንዲያካትት፣ በ2027 ደግሞ ለደጅ የሚውሉትን እንዲጨምር በዚያው ሕግ ተወስኗል። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በአፕሪል 2024 በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከእነዚህ ኬሚካሎች ለሁለቱ ከትሪሊዮን 4 እጅ የማይበልጥ ወሰን ያወጣ ሲሆን፣ ግዙፉ አምራች ሦስት ኤም በ2025 መጨረሻ ከዚህ ምርት እንደሚወጣ በዲሴምበር 2022 አስታውቋል።

ይህ ለውጥ ለሸራ ሰፊው ቀላል አይደለም። በምትክነት የቀረቡት ሲሊኮንና ሰም ነክ ቅቦች ውሃን በደንብ ይገፋሉ፣ ዘይትን ግን እንደ ቀድሞው አይገፉም፤ ስለዚህ የጀልባ መቀመጫና የምግብ ቤት ደጅ ጥላ ቅባት ሲነካው ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቅቡም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። የአየር ማረፊያውን ጣሪያ የለበጠው ፒቲኤፍኢ ራሱ ከፍሎሪን ቤተሰብ ነው፤ ከተጋገረ በኋላ የረጋ ቁስ ቢሆንም በማምረቻው ሒደት ፒኤፍኦኤ የተባለው ጎጂ ኬሚካል ጥቅም ላይ ሲውል ኖሯል፤ በ2006 ስምንት ታላላቅ አምራቾች እስከ 2015 ሊያስቀሩት ከመንግሥት ጋር ተስማምተው ነበር። ሠላሳ ዓመት የሚያገለግልን ጣሪያና በአንድ በጋ የሚጣልን ምንጣፍ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ትክክል አይሆንም፤ ያም ሆኖ ለመጠጥ ውሃ የሚያሰጋን ነገር ለእድፍ መከላከያ ብቻ በየቤቱ መርጨት ሊቆም የሚገባው ነበር፣ ሕጉም የዘገየ እንጂ የቸኮለ አይደለም። የሰም ቅብ መመለስም ወደ ኋላ መሄድ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ የበግ ጠጉር በራሱ ቅባት ዝናብን እንደሚያንሸራትት የመንዝ እረኛ በርኖሱን ለብሶ ያረጋገጠው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ሲዞር፣ በዚህ ዘመን ሕዝቡ በብዛት የሚያውቃቸው የኢንዱስትሪ ጨርቆች ከችግር ጋር የተያያዙ መሆናቸው ያሳዝናል። በሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በተከተሉት ግጭቶች ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች የኖሩ ሰዎች በእርዳታ ድርጅቶች የሚታደለውን አራት በአምስት ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ሸራ በሚገባ ያውቁታል፤ ይህ ከፖሊኤቲሊን የተሸመነ ሸራ ለአስቸኳይ ጊዜ ታስቦ የተሠራ ነው፣ በደጋ ፀሐይ ሥር ግን ለዓመታት መኖሪያ ሆኖ ሲያገለግል ታይቷል። በአማራ ክልል ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገበሬዎች የዝናብ ውሃ ለማጠራቀም በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ውሃው እንዳይሰርግ የሚነጠፈው ጂኦመምብሬንም ከዚሁ ዘርፍ ነው፤ ጠርዙ ከውሃው በላይ ለፀሐይ ተጋልጦ ሲቀር ቀድሞ የሚሰነጠቀው ያ ክፍል ነው፣ በአፈር ቢሸፈን ዕድሜው ይረዝማል።

ኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ልምድ አላት፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 የተቋቋመ ሲሆን፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በ2016 ተመርቋል። ይሁን እንጂ የቅርብ ዓመታት ትኩረት በአብዛኛው ለውጭ ገበያ በሚሰፋ ልብስ ላይ ስለነበር፣ አገሪቱ በጃንዋሪ 2022 ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ስትወጣ ዘርፉ ክፉኛ ተጎዳ። ድንኳን፣ የጭነት ሸራ፣ የጉድጓድ ንጣፍ ግን ገዢያቸው በአገር ውስጥ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ እድር ድንኳን አለው፣ እያንዳንዱ ከባድ መኪና ሸራ ይፈልጋል። ለባዕድ ገበያ ሸሚዝ የሚሰፋ እጅ ለራሱ ሰፈር ፀሐይ የሚችል ድንኳን ለመስፋት የሚያንስበት ነገር የለም፤ ይህ ዕድል ከሸሚዙ ያነሰ ትኩረት ማግኘቱ ስሕተት ነበር።

በግሌንዴል፣ በዴንቨርና በአውሮራ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለሀገር ቤት እድር ወይም ለደብር ድንኳን በጋራ ገዝተው ለመላክ ሲያስቡ አራት ነገር ይጠይቁ። ጨርቁ ከምን እንደተሠራና ፀሐይን የሚችልበት ጊዜ በሻጩ በጽሑፍ መረጋገጡን፤ የተሰፋበት ክር ከጨርቁ ጋር እኩል የሚኖር መሆኑን፤ ልባጡ ፒፋስ የሌለበት መሆኑን፤ በመጨረሻም ሲቀደድ እዚያው ሊጠገን የሚችል መሆኑን። ተደጋግሞ ለሚተከልና ለሚነቀል ድንኳን የሚስማማው ፒቪሲ የተለበጠ ፖሊስተር ነው፤ ሳይደርቅ ታጥፎ መጋዘን ከገባ ግን ይሻግታል፣ ስለዚህ ከዝናብ በኋላ በጥላ ሥር ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።